መጀመሪያ ሜዲካሉ፣ ከዚያ ክፍያው

እህቴ፣ ጥያቄዎን በደንብ አነበብኩት። ልጅዎ 19 ዓመቱ ነው፣ የአየር መንገድ አብራሪ መሆን ይፈልጋል፣ መነጽር ያደርጋል። ሕፃን ሳለ ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) አለበት ተብሎ እስከ ሚድል ስኩል ድረስ መድኃኒት ወስዷል። የበረራ ትምህርት ቤቱ ቅድሚያ ክፍያ ጠይቋችኋል፤ ዘመድ ደግሞ «የድሮውን መድኃኒት የጤና ምርመራ ፎርሙ ላይ እንዳትጽፉት» ብሏችኋል። እኔ እዚሁ ቨርጂኒያ በረራ አስተምራለሁ፣ የራሴንም ሜዲካል፣ ማለትም ለአብራሪ የሚሰጠውን የጤና ሰርተፊኬት፣ በየጊዜው አሳድሳለሁ። ሁለት ነገር እለምንዎታለሁ፦ ሜዲካሉ እጃችሁ ሳይገባ ትልቅ ገንዘብ አይክፈሉ፤ ፎርሙ ላይም ምንም ነገር አይደበቅ።

አሜሪካ ውስጥ ከአስተማሪ ጋር ሆኖ ለመብረር ሜዲካል አይጠየቅም። የሚያስፈልገው ተማሪው ለብቻው የሚበርበት ቀን ሲደርስ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ትምህርት ቤት «ጀምሩ፣ እሱ ይደርሳል» ይላል። ብዙዎች እንዲህ ጀምረው ያለ ችግር ጨርሰዋል። ነገር ግን የቤተሰቡ ቁጠባ ከወጣ በኋላ ቀለም መለየት ላይ የወደቀ ተማሪ አይቻለሁ፤ ወረቀቱ ኦክላሆማ ሲቲ ወዳለው የኤፍኤኤ (የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት) ሕክምና ክፍል ተልኮ ወራት ሲጠብቅ የተማረውን የረሳም አለ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ሜዲካሉ ሦስት ክላስ አለው። ሦስተኛው ለተማሪና ለግል አብራሪ፣ ሁለተኛው እየተከፈለው ለሚበር፣ አንደኛው ለአየር መንገድ ካፒቴን ነው። ለመማር ሦስተኛው ይበቃል፤ ልጅዎ ግን ገና ከመነሻው አንደኛ ክላስ ይመርመር። ሦስተኛው በሩቅ እይታ 20/40 ይበቃዋል፣ አንደኛው ግን በእያንዳንዱ ዓይን 20/20፣ ማለትም መደበኛ የሚባለውን እይታ፣ ይፈልጋል። ዛሬ በሦስተኛ አልፎ ነገ በአንደኛ ቢወድቅ ወጪው ሁሉ ከንቱ ነው። የሚያጣውም ነገር የለም፤ ከ40 ዓመት በታች ላለ ሰው አንደኛ ክላስ ለ12 ወር ያገለግላል፣ ከዚያ በኋላም እስከ 60 ወር ድረስ እንደ ሦስተኛ ይቆጠርለታል።

መነጽሩ አያሳስብዎት። 20/20 የሚለው በመነጽር ታርሞ ነው፤ ሰርተፊኬቱ ላይ መነጽር ማድረግ ግዴታው እንደሆነ ይጻፍበታል፣ በቃ። የደም ግፊት ጣሪያው 155/95 ነው። ጆሮ ለሐኪሙ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ከስድስት ጫማ ርቀት ተራ ንግግር መስማት ከቻለ ያልፋል። ሽንት የሚወሰደው ስኳርና ፕሮቲን ለማየት እንጂ ለአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ አይደለም፤ ይህን ብዙ ሰው ይሳሳታል። የልብ ኢሲጂ በአንደኛ ክላስ የሚጀምረው በ35 ዓመት ነው። ቀለም መለየት ላይ ግን ትኩረት ያድርጉ፦ ከጥር 2025 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው) ጀምሮ አዲስ አመልካች በኮምፒውተር በሚሰጥ ፈተና ነው የሚፈተነው፣ መሣሪያው ደግሞ ሁሉም ሐኪም ዘንድ የለም። ቀጠሮ ሲይዙ አስቀድመው ይጠይቁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ፎርሙ የሚሞላው ሜድኤክስፕረስ በሚባለው የኤፍኤኤ ድረ ገጽ ነው። የጤና ታሪክ የሚጠይቀው ክፍል «በሕይወትህ ዘመን» ነው የሚለው፤ ልጅነትንም ይጨምራል። ሆን ብሎ ሐሰት መሙላት በፌዴራል ሕግ እስከ አምስት ዓመት እስርና እስከ 250,000 ዶላር ቅጣት ያስከትላል፣ ያለውን የበረራ ፈቃድ ሁሉ ሊያስነጥቀው ይችላል። መዝገቡ ደግሞ ትምህርት ቤት፣ ፋርማሲ፣ ኢንሹራንስ ዘንድ አለ። ሥራ ይዞ፣ ቤተሰብ መሥርቶ ከተቀመጠ በኋላ በ35 ዓመቱ ቢወጣበትስ?

በዚያ ላይ እውነቱን መናገር ለልጅዎ በር አይዘጋም። ከ2023 ጀምሮ ኤፍኤኤ በልጅነት ኤዲኤችዲ ለተባሉ ሰዎች አጠር ያለ መንገድ ከፍቷል። ባለፉት አራት ዓመታት መድኃኒት ካልወሰደ፣ ምልክትም ካልታየበት፣ የትምህርት፣ የሕክምናና የመንጃ ፈቃድ መዝገቡን ይዞ ሳይኮሎጂስት ወይም ሳይካትሪስት ያነጋግረዋል። ሁሉም ከተሟላ የአቪዬሽን ሐኪሙ ወረቀቱን ወደ ኦክላሆማ ሳይልክ እዚያው ሊሰጠው ይችላል። ሚድል ስኩል ላይ ያቆመ ልጅ ለዚህ የተመቸ ነው። አራት ዓመት ያልሞላው ግን ረጅም የነርቭና የአእምሮ ምርመራ ውስጥ ይገባል፤ ጊዜም ገንዘብም ይበላል።

ቅደም ተከተሉ እጅግ ወሳኝ ስለሆነ ይህን በጥንቃቄ ያንብቡልኝ። ኤኤምኢ የሚባለው የአቪዬሽን ሐኪም ፎርሙን ከፍቶ ምርመራውን ከጀመረ በኋላ መመለስ የለም፤ ውጤቱ ወይ መስጠት፣ ወይ ወደ ኤፍኤኤ ማስተላለፍ፣ ወይ መከልከል ነው። ስለዚህ ከምርመራው በፊት ለምክር ብቻ የሚሆን ቀጠሮ ይያዙ፣ ሐኪሙ ፎርሙን የሚከፍትበትን ቁጥር አይስጡት፣ ወረቀቶቹን ያሳዩትና «ዛሬ ቢመረመር ያልፋል?» ብለው ይጠይቁት። ሐኪሙ «ይህ ይጎድላል» ካለ አሟልተው ይመለሱ። መተላለፍ መከልከል አይደለም፣ አያስደንግጣችሁ። የተከለከለ ሰው ግን በመንጃ ፈቃድ ብቻ ትንንሽ አውሮፕላን የሚበረርበት የስፖርት አብራሪነት መንገድም ይዘጋበታል።

ከጥያቄዎ ስር ስለ ድብርት መድኃኒት የጠየቃችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እባካችሁ ለሜዲካል ብላችሁ በራሳችሁ አታቁሙ። ከ2010 ጀምሮ ፍሉኦክሴቲን፣ ሰርትራሊን፣ ሲታሎፕራምና ኤሲታሎፕራም እየወሰዱ በልዩ ፈቃድ መብረር ይቻላል፤ ሂደቱ ረጅም ነው፣ ግን አለ። እኛ አበሾች «የአእምሮ ነገር አለበት ይባላል» ብለን ከሐኪም እንሸሻለን፣ በአብራሪዎች ዘንድ ደግሞ ፈቃዴን አጣለሁ የሚለው ፍርሃት ይጨመርበታል። መጋቢት 2015 ጀርመንዊንግስ የሚባለው የጀርመን አየር መንገድ አውሮፕላን የአልፕስ ተራራ ላይ ሲከሰከስ 150 ሰው አልቋል። ረዳት አብራሪው መብረር እንደሌለበት ሐኪም የጻፈለትን ወረቀት ከአሠሪው ደብቆ ነበር። የተማሪዎቼን ወላጆች ስለ መደበቅ ሲያወሩ ስሰማ ሁልጊዜ የሚታወሰኝ ይህ ነው፤ ስለዚህ ነው አጥብቄ የምናገረው።

ልጅዎ ለአካለ መጠን ስለደረሰ መዝገቡን መጠየቅና መፈረም ያለበት ራሱ ነው። የመጨረሻው መድኃኒት የተገዛበትንና መውሰድ ያቆመበትን ቀን ከፋርማሲው ወይም ከሕፃናት ሐኪሙ በጽሑፍ ያውጣ፤ የአራቱ ዓመት ሂሳብ የሚጀምረው መውሰድ ካቆመበት ቀን ነው። የትምህርት ቤት መዝገብ በበጋ ዕረፍት ቶሎ ስለማይገኝ ከወዲሁ ይጠይቅ። ሐኪሞቹን ኤፍኤኤ ድረ ገጽ ላይ በዚፕ ኮድ መፈለግ ይቻላል። ዋጋውን የሚወስነው ሐኪሙ ራሱ ስለሆነ፣ ኢንሹራንስም አብዛኛውን ጊዜ ስለማይከፍል፣ ሦስት አራት ቦታ ደውለው ያወዳድሩ። የበረራ ትምህርት ቤቱ ካቻኮላችሁ፣ በአንድ በአንድ ሰዓት ሂሳብ እየከፈለ ጥቂት ትምህርት ከአስተማሪ ጋር ይውሰድ፤ ሰማዩን ይወደው እንደሆነም በዚያው ይታያል።