የቦልሩም ጫማዬን በምን ልያዝ?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ የምኖረው ለንደን ሲሆን ከሥራ በኋላ በሳምንት ሁለት ምሽት ቦልሩም የሚባለውን በጥንድ የሚደነስ ዳንስ እማራለሁ፤ አሁን ያለሁት ቻቻቻና ሩምባ ላይ ነው። ባለ ሳቲን ጫማዬን ከገዛሁ ስድስት ወር ሆኖታል። እስካሁን በፌስታል ጠቅልዬ ከምሳ ዕቃዬና ከውኃ ጠርሙሴ ጋር በአንድ ቦርሳ እይዘው ነበር። ዛሬ ሳየው የአንዱ እግር ታኮ የሌላውን ሳቲን ቧጭሮታል፣ ሶሉ እንደ ካርቶን ደርቋል፣ ሽታውንም ለመናገር አፍራለሁ። ሱቅ ውስጥ ጠንካራ የፕላስቲክ ሣጥን፣ በገመድ የሚታሰር የጨርቅ ከረጢትና መሐሉ የተከፈለ ባለ ዚፕ የናይለን ቦርሳ አይቻለሁ። በግንቦት ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ወደ ብላክፑል ስለምንሄድ ከዚያ በፊት አንዱን መግዛት እፈልጋለሁ። የትኛው ይሻለኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ይምረጡ ካሉን ባለ ዚፑን የናይለን ቦርሳ እንመርጥልዎታለን። ይሁን እንጂ ጫማዎን ያበላሸው የለንደን ዝናብ ብቻ እንዳይመስልዎት፤ አብዛኛው ጉዳት የደረሰው ከውስጥ፣ ከራስዎ ላብ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ከደነሱ በኋላ ጫማው እርጥብና ሙቅ እንደ ሆነ ፌስታል ውስጥ ሲታሰር ላቡ መውጫ ያጣል፣ ሽታና ሻጋታ ይፈጠራል፣ ሶሉን የያዘው ማስቲሽም ቀስ በቀስ ይለቃል። ጠንካራውን ሣጥን ያልመረጥንልዎትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ መቀጥቀጥን በሚገባ ይከላከላል፣ ነገር ግን ቀዳዳ ከሌለው ከፌስታሉ ብዙም አይሻልም። የጨርቁ ከረጢት በተቃራኒው አየር ያስገባል፣ ዝናብ ግን አያስቆምም።

የሶሉን ነገር ጠለቅ አድርገን ብንመለከተው የቦርሳውም ጉዳይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። የቦልሩም ጫማ ሶል አብዛኛውን ጊዜ ካሞሽ፣ ማለትም ላዩ አጭር ጸጉር ያለው ቆዳ ነው። ዳንሰኛው በእንጨት ወለል ላይ በልኩ እንዲንሸራተትና በልኩ እንዲቆም የሚያደርገው የካሞሹ ጸጉር ሲሆን፣ ይህ ጸጉር ውኃ ሲነካው ይተኛል፣ አቧራና የወለል ሰም ሲጠጣ ደግሞ ይደርቅና ከልክ በላይ ያንሸራትታል። ስለዚህ ጫማው ከአዳራሹ ውጭ መሬት እንዳይነካ፣ ቦርሳውም ውስጥ ከእርጥብ ጃንጥላ ወይም ከውኃ ጠርሙስ ጋር እንዳይገናኝ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ጠርሙሱ ክዳኑ የቱንም ያህል የጠበቀ ቢመስል በውጪው ኪስ ይሁን። የደረቀውን ሶል በሽቦ ብሩሽ ቀስ አድርገው ቢጠርጉት በአብዛኛው ነፍስ ይዘራል፤ ብሩሹ ግን ሳቲን ይቦጭቃልና የራሱ ሽፋንና የራሱ ኪስ እንዲኖረው ያድርጉ።

ቦርሳውን ሲመርጡ በመጀመሪያ የሚመለከቱት መሐሉ መከፈሉን ነው፤ ሁለቱ ጫማዎች እንዳይነካኩ የሚያደርግ ግድግዳ ከሌለው ታኮው ሳቲኑን መቧጨሩን አይተውም። በጎኑ ወይም በጫፉ ወንፊት መሰል የአየር መውጫ ቢኖረው ይመረጣል። ልኩን በተመለከተ የጫማ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይነግርም፤ እንደ ቻቻቻና ሩምባ ላሉት የላቲን ዳንሶች የሚደረገው የሴቶች ጫማ ታኮ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 7.5 ሴንቲ ሜትር ስለሚደርስ፣ ለጠፍጣፋ ጫማ የተሠራ ቦርሳ ታኮውን ይጫነዋል። ጫማዎቹን የአንዱን ጣት ከሌላው ታኮ ጋር አድርገው ጎን ለጎን ያስተኙ፣ ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ቁመቱን ይለኩ፣ በእያንዳንዱ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምሩ። የገበሩን ቀለም ደግሞ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሽተው ይፈትኑ፤ የሚለቅ ከሆነ ነጣ ያለውን ሳቲን ያበላሻል።

እኛ የምንወደው ዘዴ ግን ገንዘብም አይጠይቅም። ካረጀ ነጠላ ሁለት ትንንሽ ከረጢቶች ይስፉና እያንዳንዱን ጫማ ለብቻው ከተው ወደ ናይለኑ ቦርሳ ያስገቡ። በእጅ የተሸመነው ጥጥ ለስላሳ ነው፣ ላብ ይመጥጣል፣ በየሳምንቱም ይታጠባል። ባለ ቀለሙን ጥለት ብቻ ቆርጠው ያውጡት። ቤት ሲደርሱ ጫማውን ሳይውል ሳያድር ከቦርሳው አውጥተው ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥፍራ ያሳድሩት፤ ማሞቂያ ላይ ማድረቅ ግን ቆዳውን ያደርቀዋል።

ስለ ብላክፑሉ ጉዞ፦ በእንግሊዝ የባሕር ጠረፍ ላይ ያለ፣ ነፋሱም ዝናቡም የማይታመን ከተማ ነውና ውጪው ውኃ የማያስገባ ቦርሳ የሚጠቅምዎት ያን ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 የተጀመረውን የከተማውን የዳንስ ፌስቲቫል ኤምፕረስ ቦልሩም በሚባለው አዳራሽ ተቀምጠው ለማየት ቢሆን ኖሮ ጫማውን ቤት ቢተዉትም ግድ አልነበረንም፤ ነገር ግን ታወር ቦልሩም በሚባለው ሌላው አዳራሽ ማንም ጎብኚ በኦርጋን ታጅቦ መደነስ ስለሚችል ሳይዙት አይሂዱ። በባቡርም ሆነ በአውሮፕላን ሲጓዙ ጫማው በእጅዎ ይሁን። ሻንጣ ቢጠፋ ልብስ መዋስ ይቻላል፣ እግር የለመደውን የዳንስ ጫማ ግን ማንም አያውስዎትም።

ጥያቄ፦ እንደ መስታወት የሚያንጸባርቀው ጥቁር የወንዶች ጫማዬ በበጋ መኪና ውስጥ ከርሞ ሁለቱ እግሮች ተጣብቀው አገኘኋቸው። ሳስለያያቸው ላዩ ተላጠ። ይጠገናል?

መልስ፦ ወንድማችን፣ የተላጠው እንደ ቀድሞው አይሆንም። ይህን ቆዳ የሚያንጸባርቀው ላዩ ላይ ያለው ሽፋን ስለሆነ በሙቀት ይለሰልስና የነካውን ሁሉ ይይዛል። ለቀጣዩ ጫማ ከላይ ያልነው የነጠላ ከረጢት ይበቃዎታል፤ መኪና ውስጥ ግን ከርሞ ቀርቶ አንድ ቀትር እንኳ አይዋል። አንዳንድ ዳንሰኞች በመደነስ ላይ ሳሉ ጫማ ከጫማ እንዳይያዝ ላዩን በጥቂት ቫዝሊን ያብሳሉ። እርስዎም ይህን ካደረጉ ቫዝሊኑ ወደ ሶሉ እንዳይወርድ ይጠንቀቁ፤ ቅባት የጠጣ ካሞሽ በብሩሽም አይመለስም።