ጥያቄና መልስ፦ ሞርፊን ሲለመድ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ጠንካራ የህመም ማስታገሻ ናቸው። አንድ ላይ ልመልሳቸው።

«አባቴ ካንሰር አለበት። የሚጠጣው የሞርፊን ሽሮፕ በሦስት ወር ሁለት ጊዜ ተጨመረለት። ሱሰኛ ሆነብን እንዴ? እህቴ ፈርታ ጠርሙሱን ቆልፋበታለች።» (ከአዲስ አበባ)

ጠርሙሱ ከልጆች ይራቅ እንጂ ከአባትህ አይቆለፍበት። ሰዓቱ ሲደርስ ይሰጠው። መላመድና ሱስ የተለያዩ ናቸው። መላመድ ማለት ትናንት የበቃው መጠን ዛሬ አልበቃ ሲል ነው። ሱስ ደግሞ ሰው እየተጎዳ እያወቀው እንኳ መድኃኒቱን መተው ሲያቅተው ነው። አባትህ የሚጠይቀው ስላመመው ነው። በካንሰር ላይ መጠኑ የሚጨምረውም ብዙ ጊዜ በሽታው ስለገፋ ነው፤ ስለዚህ ለሐኪሙ ንገሩት።

አንዲት እናት አይረሱኝም። ልጃቸው ሽሮፑን በሲሪንጅ ሲለካ «ትንሽ ቀንስልኝ፣ እንዳልለምደው» ይሉት ነበር። ሌሊቱን የአልጋውን ብረት ጨብጠው ያነጉታል። እንዲህ መሰቃየት አልነበረባቸውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ማቅለሽለሹና ድብታው በጥቂት ቀናት ይለመዳል። የሆድ ድርቀቱ ግን አይለመድም። የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ካልታዘዘለት ጠይቁ።

«ነርስ ነኝ። እዚህ ከቀዶ ጥገና በኋላ ከሞርፊን ጋር ትንሽ ኬታሚን ሲሰጥ አያለሁ። ኬታሚን ማደንዘዣ አይደለም እንዴ?» (ከሜሪላንድ)

ነው። አገር ቤትም ብዙ ቀዶ ጥገና የሚሠራው በእሱ ነው። በትንሽ መጠን ሲሰጥ ግን ሌላ ሥራ አለው።

ሞርፊን የሚያርፈው «ሙ» በሚባለው ሪሴፕተር (የነርቭ ሴሉ መልእክት መቀበያ) ላይ ነው። እዚያ ሲያርፍ የህመሙ መልእክት ይዳከማል። አጠገቡ ኤንኤምዲኤ የሚባል ሌላ ሪሴፕተር አለ። የምንማረውና የምናስታውሰው በእሱ ጭምር ነው። በሰላሙ ጊዜ ማግኒዥየም እንደ ቡሽ ደፍኖት ይቀመጣል። ሞርፊን ሳያቋርጥ ሲመጣ ሴሉ ውስጥ የሚነሳው ለውጥ ቡሹን ያላላዋል። ካልሲየም ይገባል፣ የሞርፊኑም ጉልበት እየደከመ ይሄዳል። ነርቩ ሞርፊኑን መቋቋም ተማረ ማለት ነው። ኬታሚን ያንን ቀዳዳ ይደፍነዋል።

ይህ የታወቀው በአይጥ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ ኪት ትሩሂሎና በደማስቆ የተወለደችው ሁዳ አኪል በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ለአይጦች ከሞርፊን ጋር ኤምኬ-801 የሚባል የኤንኤምዲኤ መድፈኛ ሰጡ። የሞርፊኑ የመጀመሪያ ማስታገስ አልተለወጠም። መላመዱ ግን ቀነሰ። እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ይሄ ነው፤ ማስታገሱና መላመዱ ሊነጣጠሉ ይችላሉ ማለት ነውና።

በሰው ላይ ነገሩ እንዲህ አልቀናም። ከቀዶ ጥገና በኋላ ትንሽ ኬታሚን የሞርፊኑን ፍላጎት ይቀንሳል፤ አንቺም የምታዪው ይህንን ነው። በካንሰር ህመም ላይ ግን በ2012 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ 185 ገደማ ህሙማን ላይ ሲሞከር መድኃኒት ከሌለው መርፌ አልበለጠም፣ የጎንዮሽ ጉዳቱም በረከተ። በህልም ዓለም ያለህ ያህል የሚያደርግ መድኃኒት መሆኑን ደግሞ ታውቂዋለሽ።

«ጓደኞቼ የሳል ሽሮፕ ውስጥ ያለው ዴክስትሮሜቶርፋን ያንኑ ሪሴፕተር ይደፍናል አሉኝ። ለወገቤ ከምወስደው ትራማዶል ጋር ልደባልቀው?»

እንዳትሞክረው! ጓደኞችህ ስለ ሪሴፕተሩ አልተሳሳቱም። ግን ሁለቱም መድኃኒቶች ሴሮቶኒን የሚባለውን የአንጎል መልእክት አመላላሽ ያበዛሉ። ሲደባለቁ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ትኩሳት፣ ብሶም የሚጥል ህመም ሊያመጡ ይችላሉ። ደግሞ ሞርፊንና ዴክስትሮሜቶርፋን በአንድ እንክብል ተደርጎ በትልልቅ ጥናቶች ተሞክሮ ነበር። ከሞርፊን ብቻውን የተሻለ ነገር አልተገኘበትም። ትራማዶሉ አልይዝ ካለህ ወደ ሐኪምህ ተመለስ።

«ሐኪሜ ሞርፊኑን ትቶ ሜታዶን ጀመረልኝ። ሜታዶን የሱሰኞች መድኃኒት አይደለም ወይ?» (አንዲት እናት፣ ከቴል አቪቭ)

ለሱስ ሕክምናም ይውላል፣ ለከባድ ህመምም ይታዘዛል። «ሙ» ላይ ያርፋል፣ ኤንኤምዲኤንም በመጠኑ ይደፍናል። ስለዚህ ሞርፊን እምቢ ያለው ህመም አንዳንዴ ለሜታዶን እሺ ይላል። ግን ቀስ ብሎ ነው ከሰውነት የሚወጣው። ዛሬ አልበቃኝም ብለው አንድ ኪኒን ቢጨምሩ ከቀናት በኋላ ተጠራቅሞ ትንፋሽ ሊያፍን ይችላል። ያለ ሐኪምዎ እንዳይጨምሩ፣ አደራዎን። የልብ ምትዎም በኢሲጂ (በልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ) መታየት ያለበት መሆኑን ይጠይቋቸው።

«ሞርፊኑን ሦስት ሳምንት አቋርጬ ነበር። ህመሙ ተመለሰ። በድሮው መጠን ልቀጥል?»

አይሆንም። ያስጨነቀህ መላመድ ያን ሁሉ ጊዜ ከትልቅ መጠን ሲጠብቅህም ነበር። ስታቋርጥ እሱም ሄደ። ድሮ ያስታግስህ የነበረው መጠን ዛሬ ትንፋሽህን ሊያቆመው ይችላል። መጀመሪያ ሐኪምህን አግኝ፣ እንደ አዲስ በትንሹ ያስጀምርህ። እስከዚያ ያለውን ጠርሙስ እንዳትነካው።