«ልጄን ከዚህ መጽሐፍ እንዴት ላላቅቃት?»

ጥያቄ፦ «የምኖረው ጅማ ነው። መርካቶ አካባቢ የልብስ ሱቅ አለኝ። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ስለሆነ ቤቱን የምይዘው እኔ ነኝ። የ16 ዓመት ልጄ ከመስከረም ወዲህ ጠባይዋ ተቀይሯል። ስልኳ ላይ በፒዲኤፍ እያወረደች ወፋፍራም የእንግሊዝኛ ልቦለድ ስታነብ ታነጋለች። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ሰይፍ የታጠቀች፣ ዘንዶ የምትጋልብ፣ ማንንም የማትሰማ ሴት ልጅ። አስማትም አለበት። ድሮ ጨዋ ነበረች፣ ድምፅዋ አይሰማም። ከክፍሏ 2ኛ ትወጣ የነበረችው በዚህ መንፈቅ 7ኛ ወጣች። እኔም ተናድጄ ያወረደችውን ሁሉ አጠፋሁባት። ይኸው ከሰላምታ በቀር አታናግረኝም። ነሐሴ ላይም ሱቁን ስንከፍት ብዙ ያገዘን የአባቷ ታላቅ ወንድም ‹11ኛ ክፍል ሶሻል ትግባ፣ ለሴት ልጅ ይበቃታል› ቢል፣ እንግዳ ፊት ቆማ ‹አልፈልግም› አለችው። አፈርኩ። ከዚህ መጽሐፍ እንዴት ላላቅቃት?»

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ዘንዶውና ስለ ስልኩ ብዙ ብለዋል። የነሐሴው ነገር ግን መጨረሻ ላይ ነው የመጣው፣ እንደ ተጨማሪ ክስ። እኔ ደግሞ እዚያው ላይ ቀረሁ።

እርስዎ መጽሐፉ ምላሷን የፈታው ይመስልዎታል። ቀኖቹን እንያቸው። «አልፈልግም» ያለችው ነሐሴ ነው። ንባቡ የባሰው ከመስከረም ወዲህ ነው። መጀመሪያ ተናገረች፣ ከዚያ ነው መጽሐፍ ውስጥ የገባችው። ተናግራስ ምን ሆነ? እሱን አልጻፉልኝም። አሁን ሶሻል ትሁን ናቹራል ደብዳቤው አይናገርም። በዚያ ቀን እርስዎ ምን እንዳሉም የለም። ያለው «አፈርኩ» ብቻ ነው። ስለዚህ እገምታለሁ፤ ልጅቷ ብቻዋን ቆማ ነበር፣ የተወሰነውም የአጎቷ ሐሳብ ነው። ከሆነ 7ኛ መውጣቷም ከልቦለዱ ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ሳይጠየቅ የተመደበ ልጅ ልቡ ከትምህርቱ ይሸሻል።

ዝም ያሉበት ምክንያት ይገባኛል። ሱቁን ስትከፍቱ የደገፋችሁ ሰው ነው። ባለቤትዎ መንገድ ላይ ነው። እንግዳ አለ። እንዲህ ባለ ቀን ታላቅን ሰው መጋፈጥ ቀላል አይደለም። ልጅዎ ግን ይህን ሁሉ ሒሳብ አታውቅም። ያየችው እናቷ አንገቷን ስትደፋ ነው።

አሁን ወደ መጽሐፉ እንምጣ። እነዚህን ታሪኮች የሚወዱ ልጆች በሥራዬ አግኝቻለሁ። ታሪኮቹ ብዙውን ጊዜ አንድ መልክ አላቸው። ጀግናዋ 16 ወይም 17 ዓመቷ ነው። ወላጆቿ ሞተዋል፣ ወይም ሩቅ ናቸው። ይህን ሲሰሙ እንዳይከፋዎት፤ ልጅዎ እርስዎን ከሕይወቷ ማውጣት ፈልጋ አይደለም። ስለ እሷ የሚወስን ትልቅ ሰው ቤት ውስጥ እስካለ ድረስ ታሪኩ መጀመር ስለማይችል ነው። ከዚያ የሆነ ጉባኤ ይቀመጣል፤ ሽማግሌዎቹ፣ ንጉሡ ወይም መምህራኖቹ «አንቺ እዚህ ትሄጃለሽ፣ እንትናን ታገቢያለሽ» ይሏታል። እሷም እምቢ ትላለች። እምቢታዋ ያስከፍላታል። ጓደኛ ታጣለች፣ ትቆስላለች፣ ትሳሳታለች። ግን ቃሏ መሬት ላይ አይወድቅም። እሷ «አልፈልግም» ስላለች የሆነ ነገር ይለወጣል።

ልጅዎን ሌሊቱን የሚያስነብባት ይህ ይመስለኛል። ሰይፉና ክንፍ ያለው ዘንዶ ጌጥ ናቸው። (አስማቱ አያስጨንቅዎ። እኛስ በጭራቅ ተረት አይደል ያደግነው?) ሌላም ነገር አለ። ጀግናዋ ትቆጣለች፣ ትጮኻለች፣ እንዲያም ሆኖ የሚወዷት ሰዎች ከጎኗ አይጠፉም። ድምፅዋ ስለማይሰማ የተመሰገነች ልጅ፣ ተቆጥታም መወደድ እንደሚቻል ከየት ትማራለች?

ዴቪድ ኤልካይንድ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1967 እ.ኤ.አ. የጻፈው ነገር አለ። በጉርምስና ዕድሜ ልጆች «የእኔ ታሪክ የማንንም አይመስልም፣ የእኔን ስሜት ማንም አይረዳም» ብለው ያምናሉ። ለወላጅ ይህ ትዕቢት ይመስላል። በአብዛኛው ግን ራስን የመፈለጊያ ጊዜ ነው፣ ያልፋል። የአንድ መንግሥት ዕጣ በአንዲት ልጅ ውሳኔ ላይ የሚንጠለጠልበት ልቦለድ ለዚህ ስሜት ልክ የተሰፋ ልብስ ነው።

እኛም እኮ እንዲህ ያለች ሴት እንወዳለን። በ1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ ምሽግ የያዘው የጣሊያን ጦር ከውኃው ሲቆረጥ፣ የእቴጌ ጣይቱን ብልሃትና ቆራጥነት ለልጆቻችን በኩራት እንተርካለን። ሳሎናችን ውስጥ አንዲት ልጅ «አልፈልግም» ስትል ግን እናፍራለን። ይህን የምለው እርስዎን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። ብዙዎቻችን እንዲህ ነን።

ፋይሎቹን ማጥፋትዎን ግን አልደግፍም። ነሐሴ ላይ አጎቷ ሳይጠይቃት ወሰነ። አሁን ደግሞ እርስዎ።

እንቅልፉ ላይ እውነት አለዎት። በዚህ ዕድሜ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ያስፈልጋል፤ ስታነብ የምታነጋ ልጅ ክፍል ውስጥ ብታንቀላፋ አይገርምም። ማታ ስልኩ ሳሎን እንዲያድር ተስማሙ፤ የእርስዎም ጭምር። ይህ የሚሠራው ግን መጀመሪያ ከታረቃችሁ ይመስለኛል። ስለ መጽሐፉ ሳይሆን ስለ ነሐሴው ቀን ይጀምሩ። «ያን ቀን ዝም ማለት አልነበረብኝም» ካሉ ብዙ ነው። ወዲያው ላትመልስልዎ ትችላለች፣ ይታገሷት። ሲረጋጋ የምትወደውን ጀግና ታሪክ እንድትተርክልዎ ይጠይቋት፤ ሳይነቅፉ ይስሙ።

ዝምታው ከረዘመ፣ ምግብ ከተወች፣ ከጓደኞቿ ከራቀች ወይም ስለ ሞት ካወራች ግን በደብዳቤ አይሆንም፤ ፊት ለፊት ባለሙያ ያግኙ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ያን ያህል ባይደርስም አንድ ቀን ሁለታችሁም አማካሪ ዘንድ ብትቀመጡ አይጎዳም።

አጎቷን ባለቤትዎ ሲመለስ አብራችሁ ብታነጋግሩት ይሻላል፤ ብቻዎን አይጋፈጡት። ሶሻል ገብታ ከሆነ ደግሞ መቀየር ይቻል እንደሆነ ትምህርት ቤቷ ሄዳችሁ ጠይቁ። ጥያቄውን እሷ ታቅርብ። እርስዎ እናቷ መሆንዎንና መስማማትዎን ብቻ ይንገሯቸው።