ሌግ ፕሬሱን እዚያው ሽጡት

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ወር ከዴንቨር ደወለችልኝ። ጠቅልላ ልትገባ ነው። አዲስ አበባ፣ ልደታ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም አላት። «ጋሼ፣ ኮንቴይነሩ ውስጥ ቦታ ተርፎኛል፤ ጋራዥ ያለውን ሌግ ፕሬስ ልጫነው?» አለችኝ። ሌግ ፕሬስ ተቀምጠው ክብደት በእግር የሚገፉበት ትልቅ የብረት ማሽን ነው። «ኧረ በፍጹም! እዚያው ሽጪው» አልኳት። ይህን ጥያቄ ከሜሪላንድም፣ ከቶሮንቶም፣ ከስቶክሆልምም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ ለሁላችሁም አንድ ላይ ልጻፈው።

እኔ ከ19 ዓመት የሜሪላንድ ኑሮ በኋላ ስመለስ የፊትና የኋላ ጭን የሚያሠራ አንድ ትልቅ ማሽን አስጭኜ ነበር። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም። አራት ልጆች ተሸክመውት ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ አልዞር አለ። ወደ ላይ ቀና ቢያደርጉት ጣሪያው ያዘው። ጋደም ቢያደርጉት የግድግዳው ቀለም ተፋቀ። መሃል ላይ የአንዱ ልጅ ጣት በማሽኑና በደረጃው መደገፊያ ብረት መካከል ተቀረቀረ። ጥፍሩ ወዲያው ጠቆረ። ሥራውን አስቁሜ ልጁን ክሊኒክ ወሰድኩት፤ ደግነቱ አጥንቱ አልተነካም። ማሽኑ ሦስት ሳምንት ሸራ ለብሶ መኪና ማቆሚያው ላይ ከረመ። በመጨረሻ ለአንድ ጂም በግማሽ ዋጋ ሸጥኩት። የዚያ ልጅ ጣት ግን እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ይህን ሁሉ የምነግራችሁ እናንተ እንዳትደግሙት ነው።

እስቲ ሜትር አውጡ። እዚያ የለመዳችሁት ጋራዥና ቤዝመንት እዚህ የለም። የከተማችን ኮንዶሚኒየም ሲነደፍ ስቱዲዮው እስከ 20 ካሬ፣ ባለ አንድ መኝታው ከ20 እስከ 30፣ ባለ ሁለቱ ከ30 እስከ 45 ካሬ ሜትር ተብሎ ነው። ባለ 45 ዲግሪ ሌግ ፕሬስ ብቻውን ርዝመቱ ከሁለት ሜትር ያልፋል። ባዶውን 200 ኪሎ የሚመዝን ብዙ አለ። ባርቤል፣ ማለትም በሁለት ጫፉ ዲስክ የሚባለው ክብ ክብደት የሚገባበት ረጅም ዘንግ፣ የወንዶች ውድድሩ 2 ሜትር ከ20 ሳንቲ ነው። ዲስክ ለማስገባት ደግሞ በሁለቱም ጎን ግማሽ ግማሽ ሜትር ይፈልጋል። መኝታ ቤታችሁ ሦስት ሜትር ከ20 ሳንቲ ካልሞላ በቃ፣ እርሱት።

ወለሉንም አትርሱ። የመኖሪያ ቤት ወለል የሚሠራው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ ጭነት ታስቦ ነው። ማሽኑ፣ ዲስኩና እናንተ አንድ ላይ ተደምራችሁ በአራት ትናንሽ የብረት እግሮች ላይ ስታርፉ ምን እንደሚሆን አስቡት። ከታች ደግሞ ጎረቤት አለ። ሕፃን የሚያስተኛ፣ ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ሰው አለ።

እሺ፣ ታዲያ ምን እንግዛ? መልሴ አንድ ነው፦ እግርን በየተራ የሚያሠራ ዕቃ። በሁለት እግራችሁ 80 ኪሎ ተሸክማችሁ ቁጭ ብድግ ብትሉ ለእያንዳንዱ እግር የሚደርሰው 40 ነው። በአንድ እግር ስትሠሩ ግን የገላችሁ ክብደት ራሱ እዚያው እግር ላይ ያርፋል። ስለዚህ ብረቱ በጣም ያንሳል። ቦታውም ያንሳል፤ አንዲት ተጠቅላላ የምትነሳ ምንጣፍ ትበቃለች።

ከሁሉ የምወደው ቡልጋሪያን ስፕሊት ስኳት የሚሉት ነው። ጀርባችሁን ለአልጋው ሰጥታችሁ ቁሙ። የአንዱን እግር መዳፍ ወደ ኋላ አንሥታችሁ አልጋው ጠርዝ ላይ አሳርፉ። የፊተኛው እግር ከአልጋው 60 ወይም 70 ሳንቲ ይራቅ። በየእጃችሁ ዳምቤል፣ ማለትም በአንድ እጅ የሚያዝ አጭር ክብደት፣ ይዛችሁ፣ የፊተኛው ጭን ከወለሉ ጋር እስኪስተካከል ቀስ ብላችሁ ውረዱ። ተረከዙ ከመሬት አይነሳ። በእያንዳንዱ እግር ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። በየእጃችሁ 15 ኪሎ ይዛችሁ ይህን በትክክል ከሠራችሁ በማግስቱ ደረጃ ስትወርዱ ይገባችኋል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ክብደቱ የሚቀያየር ጥንድ ዳምቤል ነው። እዚህ ላይ ሻንጣ ይመጣል። ከአሜሪካ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ኢኮኖሚ ስትመጡ የተለመደው ፈቃድ ሁለት ሻንጣ ነው፤ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። እነዚያ ቁልፍ እያዞሩ ክብደት የሚቀይሩባቸው ዳምቤሎች አንዱ ብቻ 24 ኪሎ የሚሆን አለ። አንዱ ለብቻው ሻንጣውን ያልፋል ማለት ነው። ብልሃቱ ሌላ ነው። የዳምቤሉን እጀታና ማጥበቂያውን ብቻ ይዛችሁ ኑ። ዲስኩን እዚህ ግዙ። የስፖርት ዕቃ መደብሮችን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ።

አንድ ነገር ግን ልለምናችሁ፤ የዲስኩን ቀዳዳ ሳትለኩ ገንዘብ አትክፈሉ። የእጀታው ውፍረት 25 ወይም 28 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ ትልቁ የኦሎምፒክ ዓይነት ደግሞ 50 ነው። የ28ቱ እጀታ የ25ቱ ዲስክ ውስጥ አይገባም። የ25ቱ እጀታ 50ው ላይ ይዋልላል፤ የሚዋልል ብረት ደግሞ እግር ላይ ይወድቃል። እጀታውን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሱቁ ውስጥ አስገብታችሁ ሞክሩ።

ሁለተኛው ዕቃ ተዳፋት ጣውላ ነው። ውጭ አገር ስላንት ቦርድ እያሉ በውድ ይሸጡታል። እኔ ሰፈራችን ካለ አናጢ ጋ ነው ያሠራሁት። ወፍራም ኮምፔንሳቶ፣ ርዝመቱ 35 ሳንቲ፣ ወርዱ 40። የኋላው ከፍታ 15 ሳንቲ ሲሆን ተዳፋቱ 25 ዲግሪ ገደማ ይመጣል። ላዩ ላይ እንዳያንሸራትት ሻካራ ብርጭቆ ወረቀት ለጠፈልኝ። ተረከዝ ከፍ ብሎ ጣት ዝቅ ሲል ጫናው ወደ ፊት ጭንና ወደ ጉልበት ጅማት ይሄዳል። ቁርጭምጭሚቱ የማይታጠፍለት ሰውም ቀጥ ብሎ መውረድ ይችላል። ሥራው ሲያልቅ አልጋ ሥር ይገባል። ጉልበታችሁን የሚያማችሁ ከሆነ ግን መጀመሪያ ባለሙያ ይያችሁ፤ ከዚያም ያለ ክብደት ጀምሩ።

የኋላ ጭን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ለእሱ ማሽን አትግዙ፤ የቤታችሁ ሴራሚክ ወለል ራሱ ማሽን ነው። በጀርባችሁ ተኙ፣ ካልሲ አድርጉ፣ መቀመጫችሁን ከወለሉ አንሡ። ከዚያ ተረከዛችሁን ወደ ራቀ ቦታ ቀስ ብላችሁ አንሸራቱና መልሱ። አምስት ጊዜ ከሠራችሁ ጥሩ ጅምር ነው። ጠንከር ስትሉ ተንበርክካችሁ፣ አንድ ሰው ቁርጭምጭሚታችሁን ይዞላችሁ፣ ገላችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ፊት ቀስ እያላችሁ መውደቅ ነው። ኖርዲክ ይሉታል። የፊፋ 11 ፕላስ የሚባለው የእግር ኳስ ተጫዋቾች ማሟሟቂያ ውስጥ ያለ ነው፤ የኋላ ጭን ጉዳትን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። እኔ ባለቤቴ ትይዝልኛለች፣ እኔም እይዝላታለሁ።

ስፖርት ላስቲክም ሁለት ሦስት ያዙ። ቀላል ነው፣ ሻንጣ ውስጥ ካልሲ የሚይዘውን ቦታ እንኳ አይይዝም። በረንዳ ላይ ግን አታንጠልጥሉት። የአዲስ አበባ ፀሐይ ላቴክሱን ያደርቀዋል፤ የደረቀ ላስቲክ ደግሞ ሲበጠስ ፊት ላይ ነው።

ለባት ምንም አትግዙ፤ ደረጃ አለላችሁ። በአንድ እግር የደረጃው ጠርዝ ላይ ቆማችሁ ተረከዝ እያወረዳችሁ እያነሣችሁ ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ ጀሪካን አለ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያለ ሰው ጀሪካን አያጣም። ባለ 20 ሊትሩ ሲሞላ 20 ኪሎ ውሃ ነው፤ ግማሹ 10። ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ በአንድ እጅ አንጠልጥላችሁ ኮሪደሩ ላይ ላንጅ ሥሩ፤ አንድ እግር ወደ ፊት እየተራመዳችሁ ጉልበት አጥፎ ዝቅ ማለት ነው። ውሃው ውስጡ ስለሚናወጥ ከብረት ይልቅ ሚዛን ያስተምራል። የሰፈር ልጆች ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተው፣ መሃሉ ላይ ቱቦ ሰክተው ባርቤል ሲሠሩ እያየን ነው ያደግነው። ያ ብልሃት ዛሬም ይሠራል።

አሁን ስለ ግድግዳ። ወደ ግድግዳ የሚታጠፍ ራክ፣ ማለትም የባርቤል ማስቀመጫ ብረት፣ ቦታ ይቆጥባል ብላችሁ የምታስቡ አላችሁ። ውጭ እንጨት ላይ ነው የሚታሰረው። እዚህ አብዛኛው የውስጥ ግድግዳ ብሎኬት ነው፤ መሃሉ ባዶ ነው። ፊሸር አስገብታችሁ ብሎን ብታጠብቁም ከባድ ነገር ሲንጠለጠልበት ይነቀላል። ማሰር የግድ ከሆነ ኮንክሪቱን ኮለን ፈልጉ፤ እሱንም ሕንፃውን የሚያውቅ መሐንዲስ ሳያይ አትብሱ። ልክ እንደዚሁ የላስቲክ ማሰሪያ ቀጭን በር ላይ አትመኑ።

ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ነገርም ይቅርባችሁ። የአሜሪካው ዕቃ 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። መብራት እየሮጣችሁ ሳለ ይጠፋል። መራመድና መሮጥ ከፈለጋችሁ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መስቀል አደባባይ ውረዱ። በደረጃዎቹ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲሮጥ የሚያነጋውን ሰው ታያላችሁ። አሮጊቶችም፣ ቦርሳ ያዘሉ የባንክ ሠራተኞችም አሉ። ደረጃው ለእግር የሚሆን ትልቅ ጂም ነው፤ የሚከፈልበትም አይደለም።

ስትመጡ ግን አትቸኩሉ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር አካባቢ ነው። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ከተሞች በሩብ ያህል ያንሳል። እዚያ ያነሣችሁትን ክብደት እዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ብታነሡ ትንፋሽ ያጥራችኋል። ሁለት ሳምንት ግማሹን ሥሩ፤ በዙር መካከል ረዘም አድርጋችሁ ዕረፉ።

ለወላጆቻችሁ ደግሞ ዕቃ ከመላካችሁ በፊት ወንበር አስቡ። እናቴ 78 ዓመቷ ነው። ባለፈው ክረምት ከሶፋ ለመነሣት ሁለት እጇን መደገፍ ጀምራ ነበር። ሶፋው ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ 45 ሳንቲ ከፍታ ያለው የእንጨት ወንበር ግድግዳ አስደግፈን አስቀመጥንላት። ወንበሩ ላይ ትራስ አደረግንበት፤ በየሁለት ሳምንቱ ትራሱን እያሳነስን። እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ትነሣለች፣ ቀስ ብላ ትቀመጣለች። «በእንተ ማርያም፣ ስንት ቀረኝ?» ትለኛለች። «አምስት ብቻ፣ እማዬ» እላለሁ። አሁን ትራሱ የለም። ቡና ሲፈላ ያለ ደጋፊ ተነሥታ ራሷ ትቀዳለች።

ለአክስቴ ልጅ የላክሁላት ዝርዝር ይኸው ነበር፦ ሁለት የዳምቤል እጀታ ከነማጥበቂያው፣ ሦስት ላስቲክ፣ ለጎረቤት ድምፅ ማፈኛ የሚሆን አንድ ውፍረት ያለው የጎማ ምንጣፍ። ጣውላውን እኔው አሠርቼ እጠብቃታለሁ። አናጢው ልኬቱን ይዞታል፤ የሚፈልግ ካለ ሁለት ሦስት አንድ ላይ ሲሠራ ይቀንስልናል።