የእስክሪብቶ እንጨት ቶርኖ ላይ እንዴት ይታሰር? ጥያቄና መልስ

ጀማሪ ነኝ። ማንድሬል ልግዛ ወይስ በሁለት ሴንተር (ዕቃውን ከጫፉ የሚደግፍ ሹል ብረት) መሃል ልሥራ?

ማንድሬል ቀጭን ረጅም ዘንግ ነው። የናስ ቱቦ ውስጡ የተጣበቀበት እንጨትና ቡሽንጎቹ (እንጨቱ የሚደርስበትን ውፍረት የሚያሳዩ የብረት ቀለበቶች) ይሰኩበትና ጫፉ ላይ በዳዶ ይታሰራል። ሁለቱን የእስክሪብቶ ክፍሎች አንድ ላይ ለመሥራት ይመቻል። ሁለተኛው መንገድ ዘንግ የለውም። አንድ ክፍል ብቻ በሁለት ቡሽንግ ይያዛል፤ ቡሽንጎቹን ባለ 60 ዲግሪ ሹል ሴንተሮች ከግራና ከቀኝ ይደግፏቸዋል። እኔን ካላችሁ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የሚጎብጥ ነገር የለማ!

ስገጣጥመው እንጨቱ በአንድ ጎን ከእስክሪብቶው ብረት ጋር ልክ ይመጣል፣ በሌላው ዝቅ ይላል። መሮዬ ይሆን?

መሮህን ተወው፣ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ማጥበቁ ላይ ነው። የተለመደው ዘንግ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ዳዶውን ስታስጨንቀው ወይም የቶርኖውን ጅራት (በቀኝ በኩል ያለውን ተንሸራታች ድጋፍ) አጥብቀህ ስትገፋ መሃሉ ይጎብጣል። ከዚያ በኋላ የምትሠራው ሁሉ ክቡ ከቱቦው መሃል ይስታል። ዳዶውን በጣትህ ብቻ አጥብቅ። ጅራቱን አስጠጋና ላይቭ ሴንተሩ (ጅራቱ ላይ ያለው የሚዞር ሴንተር) አብሮ መዞር ሲጀምር በቃ።

አሁንም ካልተስተካከለ የእንጨቱን ጫፍ እይ። ከቱቦው ጋር 90 ዲግሪ ካልሆነ ቡሽንጉ በአንድ ጎን ብቻ ያርፋል፣ ስታጠብቀው ዘንጉን ያጣምማል። የጫፍ ማስተካከያውን (የእንጨቱን ጫፍ ቀጥ አድርጎ የሚቆርጠውን መሣሪያ) ናሱ ዙሪያውን እንደ ቀለበት እስኪያበራ ድረስ አዙረው። ያን ጊዜ አቁም፤ ከዚያ ካለፍክ ቱቦው ራሱ ያጥራል።

ቡሽንግንም ብዙ አትመን። የብርጭቆ ወረቀት በየጊዜው ይበላዋል። የእስክሪብቶውን ብረት ራሱን በካሊፐር ለካው።

ማንድሬሉን ገዝቻለሁ። ልጣለው?

ኧረ አትጣይው እህቴ! መሃሉ ክፍት የሆነ ላይቭ ሴንተር አለ፣ ማንድሬል ሴቨር የሚሉት። ዘንጉ በውስጡ ያልፋል፣ ግፊቱ የሚያርፈው ቡሽንጉ ላይ ነው። ዳዶም አያስፈልግሽም። ስትገዢ ግን የቶርኖሽ ጅራት ሞርስ ቴፐር (ሴንተሩ የሚሰካበት ሾጣጣ ቀዳዳ መጠን) 1 ይሁን 2 አረጋግጪ።

በሁለት ሴንተር ለመሥራትስ ምን ልዘጋጅ?

ሁለቱም ሴንተሮች 60 ዲግሪ ይሁኑ፤ ጥርስ ያለው የእንጨት ሴንተር አይሆንም። ከመጀመርህ በፊት ጅራቱን አስጠግተህ ሁለቱን ሹሎች አገናኛቸው። ጫፍ ለጫፍ ካልገጠሙ መጀመሪያ ቶርኖው ይስተካከል።

እንጨቱ እንዲያብረቀርቅ በሱፐር ግሉ ስቀባው ቡሽንጉ ይጣበቅብኛል፣ ሳላቅቀው ጠርዙ ይላጣል።

ቅርጹን ከጨረስክ በኋላ የብረት ቡሽንጎቹን አውጣቸው። በዴልሪን ፕላስቲክ የተሠሩ ሾጣጣ ቡሽንጎች ቱቦው አፍ ላይ አስገባና በነሱ ያዘው፤ ሱፐር ግሉ ዴልሪንን አጥብቆ አይዝም። አሁን የተጣበቀብህን በኃይል አትጎትት። መገናኛውን ዙሪያውን በስለታም ቢላ ጫር ጫር አድርገህ ከዚያ አላቀው።

ኮሌት ቸክስ?

ኮሌት ቸክ ዕቃውን ዙሪያውን እኩል ጨብጦ የሚይዝ የቶርኖ መያዣ ነው። ያለ ኪት (ተዘጋጅተው የሚሸጡ የእስክሪብቶ ክፍሎች)፣ የሚጠመዘዘውን ጥርስ ራሳችሁ እያወጣችሁ የምትሠሩ ከሆነ ግድ ነው ማለት ይቻላል። ለኪት እስክሪብቶ አያስፈልግም።