ስልኬ የሚለው የቡና ዋጋ አባቴ ጋ ለምን አይደርስም?

ጥያቄ፦ አባቴ በትንሽ ማሳ ላይ ቡና ያመርታሉ። እኔ ከተማ ስለምኖር የዓለም ገበያን ዋጋ በስልኬ እከታተላለሁ። ቡና ተወደደ ሲባል ቶሎ ብዬ እደውልላቸዋለሁ። እሳቸው ግን ነጋዴው በቆረጠው ዋጋ ሸጠው «ያንቺ ስልክ የሚያወራው ስለ ሌላ ቡና ነው» ይሉኛል። እየተበሉ ነው ወይስ ያልገባኝ እኔ ነኝ?

መልስ፦ ሁለቱም ሊሆን ይችላል፣ እህታችን። ስለ ስልኩ ግን አባትሽ ልክ ናቸው።

የምታዪው ምናልባት የኒው ዮርክ ገበያ የአረቢካ ዋጋ ነው፤ አረቢካ የእኛ አገር ቡና ዝርያ ነው፤ እዚያ የሚጠራው በፓውንድ ስንት የአሜሪካ ሳንቲም እየተባለ ነው። ሮቡስታ የሚባለው ሌላው የቡና ዝርያ ደግሞ ለንደን ላይ በቶን በዶላር ይሸጣል። ሁለቱም የሚያወሩት ተፈልፍሎ፣ ተበጥሮ፣ ወደፊት በተቆረጠ ወር ስለሚቀርብ ጥሬ ቡና ነው። አባትሽ የሚሸጡት ቀይ እሸት ከሆነ አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት ከ5 እስከ 6 ኪሎ ይፈጃል። ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና፣ ከሆነ 2 ኪሎ ገደማ ይበቃል።

እስኪ እናስላው። ፓውንዱ 3 ዶላር ገባ እንበል። ፓውንድ ከግማሽ ኪሎ ትንሽ ያንሳል፣ ስለዚህ ኪሎው 6.60 ዶላር አካባቢ ይመጣል። ለ6 ሲካፈል አንድ ኪሎ እሸት 1.10 ዶላር ሆነ። ከዚህ ላይ ቡናውን የማዘጋጀቱ ወጪ፣ ጭነቱ፣ ግብሩ፣ የሰብሳቢውና የላኪው ትርፍ ይነሳል፤ ጥራቱና ምንዛሬውም ከፍ ዝቅ ያደርጉታል። እና ነጋዴው ከ1.10 በታች ስለከፈለ ብቻ ሌባ አይባልም። 40 የአሜሪካ ሳንቲም ከሰጣቸው ግን «ቀሪው የት ገባ?» ማለት ያስፈልጋል።

ነጋዴው ይህን ስሌት በቃሉ ያውቀዋል፣ የማለዳውንም ዋጋ ቁርስ ሳይበላ ሰምቷል። ገበሬው የሚሰማው ከራሱ ከነጋዴው ነው። ለዚህም ይመስለኛል ዋጋ ሲወርድ ወሬው በማግስቱ ደርሶ ሲወጣ መንገድ ላይ የሚቀረው።

ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ዋጋ ማወቅ ብቻውን አያድንም። እሸት ተለቅሞ ካደረ መብላላት ይጀምራል፤ ማታ ጆንያ ተሸክሞ ሚዛን ፊት የቆመ ሰው ዋጋውን ቢያውቀውም «አልሸጥም» ሊል አይችልም። ቡናው ገና አበባ ሳለ ከዚያው ነጋዴ ብር የተበደረ ከሆነማ ዋጋው ያኔ ነው የተቆረጠው። የገበያ ዋጋን በአጭር መልእክት መላክ ጥሩ ነው፣ ዕዳ ያለበት ሰው ግን መልእክቱን አንብቦ ስልኩን ኪሱ ይከታል እንጂ ምን ያደርገዋል? ስለዚህ መጀመሪያ አባትሽን ስለ ዕዳ ጠይቂያቸው። ዕዳ ከሌለ ከፊሉን በቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ አድርቀው ጀንፈል አድርገው ቢይዙት ጊዜ ያገኛሉ። አቅማቸው ከፈቀደ ነው፣ ደርቆ እስኪሸጥ ቤቱ ብር ይፈልጋልና።

የኒው ዮርኩን ዋጋ ከምትደውዪላቸው ይልቅ በአካባቢያቸው ያሉ ሁለት ሦስት ገዢዎች ጋ ደውለሽ ዛሬ እሸቱን ወይም ጀንፈሉን በስንት እንደሚረከቡ፣ የትስ እንደሚረከቡ ጠይቂ። የሰማሽውን ለጎረቤቶቻቸውም ይንገሩ፤ አንድ ሰው ሲከራከር ገዢው ይሄዳል፣ አሥር ቤት ተስማምቶ ሲከራከር ግን ቁጭ ብሎ ይነጋገራል። የኅብረት ሥራ ማኅበር ካለ የመጀመሪያ ክፍያውን ብቻ አይታችሁ አትናቁት፣ በዓመቱ መጨረሻ የትርፍ ክፍፍል እንዳለውም ጠይቁ። ሚዛኑንም አትርሺ፦ አባትሽ ሌላ ቦታ ያስመዘኑትን ጆንያ ይዘው ሄደው የነጋዴው ሚዛን ስንት እንደሚል ይዩት።