«ውሻው የእኔ ነው፣ ነክሶ አያውቅም»

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሦስቱ ስለ ውሻ ናቸው። ጥምቀት እየቀረበ ነው፣ እንግዳ እየገባ ነው፣ የጎንደር ውሻ ደግሞ የትም አልሄደም። ስለዚህ የደም ግፊትና የሪህ ጠያቂዎቼ ለወሩ ይቅር በሉኝ።

ጥያቄ፦ «ሲስተር፣ እንደምን ሰነበቱ? ጎንደር ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። ባለፈው አንዲት የሆላንድ እንግዳዬን ግንቡን አሳይቻት ወደ ፒያሳ ስንሄድ ሱቅ በር ላይ የተኛ ውሻ ባቷን ለከፋት። ትንሽ ደም ብቅ አለ። በእርጥብ ሶፍት ጠረገችውና ቀጠልን። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት ሳቀችብኝ። የሱቁ ጥበቃም “ውሻው የእኔ ነው፣ ነክሶ አያውቅም” ብሎ ማለ። በማግስቱ ስሜን ተራሮች ወጣን፣ አራት ቀን ቆይተን ዛሬ ተመለስን። ውሻው እዚያው በር ላይ አለ። እሷ ነገ ትበራለች። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። አበዛሁት እንዴ?»

መልስ፦ አላበዛኸውም። ለአንተማ መልእክትህ በቴሌግራም እንደደረሰኝ ደውዬልሃለሁ። እዚህ የምጽፈው ለሌሎቹ ነው።

መጀመሪያ የጥበቃውን መሐላ እንይ። ሰውየው አልዋሸም ይሆናል። ግን «ነክሶ አያውቅም» ማለት አንተን ሳይሆን እኔን ያስደነግጠኛል። ነክሶ የማያውቅ ውሻ፣ ያውም የተኛ፣ ማንም ሳይነካው ተነስቶ ሰው ከያዘ ለምን ያዘ? የእብድ ውሻ በሽታ ሁልጊዜ ለሃጩን እያዝረከረከ መንገድ የሚያካልል ውሻ አይደለም። ዝም ብሎ ጥግ የሚይዝ፣ መንጋጋው የሚወርድ፣ ድምፁ የሚቀየር፣ ኋላ እግሩ የሚዝል ውሻም አለ። ከዚያ በላይ ደግሞ ምልክቱ ከመታየቱ ከቀናት በፊት ቫይረሱ ምራቁ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ያን ቀን ጤነኛ መምሰሉ ምንም አይነግርህም።

የሚነግርህ 10 ቀን ነው። የነከሰ ውሻ ወይም ድመት ከነከሰበት ቀን ጀምሮ 10 ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ በነከሰበት ሰዓት ምራቁ ውስጥ ቫይረስ አልነበረም ማለት ነው። ለዚህ ነው ውሻውን በድንጋይ አትግደሉት የምለው። ጎረቤት ተሰብስቦ ጭንቅላቱን ፈጥፍጦ ከጣለው በኋላ የሚጠበቅም የሚመረመርም ነገር አይኖርም፤ ምርመራው የሚደረገው አንጎሉ ላይ ነውና። ግን ልብ በል፣ 10 ቀን የሚጠበቀው ክትባት ተጀምሮ ነው። ውሻው ደህና ከሆነ ክትባቱ ይቋረጣል። «ቆይ እስኪ ውሻውን አይተን» ተብሎ አይጠበቅም።

ስለዚህ በስልክ ያልኩህ ይኸው ነበር። እንግዳህ አገሯ እንደገባች በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ትሂድ፤ ዘግይታለች፣ ግን የዘገየም ከቀረ ይሻላል። አንተ ደግሞ እስከ 10ኛው ቀን ድረስ ጠዋት ጠዋት ያቺ ሱቅ በር ሄደህ ውሻውን ፎቶ አንሳና ላክላት። አንተም አደረግከው። ባለፈው የላክልኝ የመጨረሻው ፎቶ ላይ ጌታው ውሻ የበግ ቅልጥም ይዞ ካሜራህን በንቀት ያያል። እሰየው። እሷም መርፌዋን አቆመች።

ግን በሚቀጥለው እንግዳ ላይ ያን እርጥብ ሶፍት እንዳላይ። ሶፍት ማጠቢያ አይደለም። ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠባል። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፣ ሰዓት ያዝ። ፒያሳ ላይ የትኛው ካፌ ቧንቧው እንደሚፈስ አንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃለህ። ውሃ ከጠፋ አንድ ጀሪካን ግዛና ሌላ ሰው እያንቆረቆረ ይታጠብ። ቫይረሱ ነርቭ ይዞ ወደ አንጎል ከመሄዱ በፊት ቁስሉ ላይ የምታገኘው ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ አልኮል ወይም አዮዲን። ቡና፣ በርበሬ፣ የባትሪ ድንጋይ ዱቄት አይነሰነስበትም። (የባትሪውን በዓይኔ አይቻለሁ።)

ደም ብቅ ካለ ክትባቱ ብቻ አይበቃም። ቆዳ ከተቀደደ ሌላ መድኃኒት አለ፣ ኢሚዩኖግሎቡሊን ይባላል፤ ሠራተኛው በአጭሩ «ሴረም» ሊለው ይችላል። የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል ነው፣ ቁስሉ ውስጥና ዙሪያውን ይወጋል፤ ክትባቱ ሥራ እስኪጀምር ድረስ በሩን ይጠብቃል። ከመጀመሪያው ክትባት በ7 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ችግሩ እንደ ልብ አይገኝም። ለእንግዳ የምትነግረው ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ ደም ካለ ስሜን አይወጣም፣ ስልክ ተደውሎ መድኃኒቱ የት እንዳለ ይጠየቃል፤ ጎንደር ከሌለ አዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ክትባቱም በ0 (የመጀመሪያው መርፌ ቀን ማለት ነው)፣ በ3፣ በ7 እና በ14ኛው ቀን እየተባለ ነው የሚሄደው፤ አንዳንዱ 28ኛውንም ይጨምራል። አራት ቀን ተራራ ላይ ከሆንክ የ3ኛው ቀን መርፌ የት ይወጋል? ጭላዳ ይወጋሃል?

ጭላዳ ስል፣ ተራራው ላይ መሃላቸው ቁጭ ብሎ ፎቶ የሚነሳውን እንግዳህንም ተው በለው። ጭላዳ ቢነክስ ወይም ቢቧጭር እንደ ውሻ ነው የሚቆጠረው፣ አጥቢ እንስሳ ሁሉ ይያዛል። ባሌ ላይ ቀይ ቀበሮን በተደጋጋሚ የጨረሰውም ከእረኛ ውሾች የተሻገረ ይኸው በሽታ ነው።

ለምን ይህን ያህል እንደምጨቀጭቅ ልንገርህ። ነርስ ሆኜ በሦስተኛው ዓመቴ አንድ የበቅሎ ነጋዴ አልጋ ላይ ተኝቶ አገኘሁት። ውሻ ከለከፈው አርባ ቀን አልፎታል፣ ቁስሉ ድሯል። መጀመሪያ ጠባሳው ቦታ ላይ ጉንዳን የሚሄድበት መሰለው። ከዚያ ውሃ መዋጥ አቃተው። በጣሳ ውሃ ይዤለት ሄድኩ፣ በጣም ጠምቶታል። ጣሳው ከንፈሩን ሲነካ ጉሮሮው እንደ ገመድ ተወጠረ፣ ጣሳውን ከእጄ መታው። ይቅርታ ጠየቀኝ። አእምሮው ንጹሕ ነበር። መስኮቱን ዝጊልኝ አለኝ፣ ነፋሱ ፊቱን ሲነካው ያው ነገር ይመጣበታል። ሚስቱን ጠርቶ የማን ዕዳ እንዳለበት፣ የትኛዋ በቅሎ እንደምትሸጥ ነገራት። በሦስተኛው ቀን አረፈ። ምልክቱ ከጀመረ በኋላ እኛ ቤት ብቻ ሳይሆን የትም አገር መድኃኒት የለውም። ከመጀመሩ በፊት ግን ይህን በሽታ ማስቀረት ይቻላል።

ጥያቄ፦ «እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ፣ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ለጥምቀት የ6 እና የ9 ዓመት ልጆቼን ይዤ እመጣለሁ። ሐኪማችን ከመሄዳችሁ በፊት የእብድ ውሻ ክትባት ውሰዱ አለን። እናቴ ስትሰማ “እኛ በውሻ መሃል አይደል እንዴ ያደግነው!” ብላ ሳቀች። ዋጋው ደግሞ አይቀመስም። ያስፈልጋል ወይ?»

መልስ፦ እንኳን ደህና ትመጪያለሽ እህቴ። እናትሽ ልክ ናቸው፣ በውሻ መሃል ነው ያደግነው። እኔም አራተኛ ክፍል ሳለሁ የጎረቤት ውሻ ጭኔን ይዞኝ ሆዴ ላይ 14 መርፌ ተወግቻለሁ። በየቀኑ ነበር። ከበግ አንጎል የሚሠራው የድሮው ክትባት ነው። ሆዴ ያብጣል፣ እናቴ ሽንብራ ንፍሮ በመሐረብ ቋጥራ ትጠብቀኛለች። እናትሽን የዚያን ጊዜ መርፌ ጠይቂያቸው፣ ያስታውሳሉ።

አሁን ያለው ክትባት ሌላ ነው። በሴል ላይ የሚለማ፣ እንደ ቬሮራብና ራቢፑር ያለ፣ ክንድ ላይ የሚሰጥ ነው፤ ለሕፃናት ጭን ላይ። መቀመጫ ላይ አይሰጥም፣ ሊሰጥ የመጣ ካለ አስቁሚው።

ለልጆቹ እኔ ብሆን እከፍላለሁ። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ በዓመት 59,000 ያህል ሰው ይሞታል ተብሎ ይገመታል፣ ከመቶ 40ው ከ15 ዓመት በታች ነው። ምክንያቱን ልጅ ያሳደገ ያውቀዋል። ቁመታቸው አጭር ነው፣ ውሻው ፊትና አንገት ነው የሚያገኘው፣ ለአንጎል ቅርብ። ደግሞ አይናገሩም። ሜሪላንድ ያደገ ልጅ ቡችላ ሁሉ እንደ ጎረቤቱ ውሻ ታጥቦ የተከተበ ይመስለዋል፤ ሥጋ ቤት በር ላይ የተኛችውን እናት ውሻ ከነቡችሎቿ ሊያቅፍ ይሄዳል። ቧጨረችው እንበል። እንዳትቆጪው ብሎ ይደብቅሻል።

ከጉዞ በፊት የሚሰጠው ሁለት መርፌ ነው፣ በ0 እና በ7ኛው ቀን። ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። ይህ ማለት ግን «ከተነከስን ግድ የለም» አይደለም። ከተነከሱ መታጠቡ አይቀርም፣ ሁለት ተጨማሪ መርፌም በ0 እና በ3ኛው ቀን ይወሰዳል። ያተረፍሽው ምንድን ነው? ያን በቀላሉ የማይገኘውን ሴረም ከነጭራሹ አያስፈልጋቸውም። የጥምቀት ሰሞን ከተማው በሕዝብ ታጭቆ፣ ትኬት ጠፍቶ፣ ልጅ ይዘሽ አዲስ አበባ ድረስ መድኃኒት ፍለጋ አትሮጪም። ዋጋው የዚያ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለባለቤትሽ፣ ጠዋት መሮጥ የሚወድ ከሆነ። ጎንደር ላይ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት እስከ ንጋት መንገዱ የውሾቹ ነው። ጎህ ሳይቀድ ከሆቴል ወጥቶ ወደ ቀሃ መሮጥ አይጠቅምም፤ የሚሮጥ ነገር ሁሉ ይባረራል። ከመጡበት ይቁም፣ ጀርባውን አይስጥ፣ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ያነሳ ይምሰል። መሬቱ ላይ ድንጋይ ባይኖርም ይሠራል። የእኛ አገር ውሻ ጎንበስ ማለትን ያውቃል። ለቅዳሴ በሌሊት ከወጣችሁ ዱላ ከያዘ የሰፈር ሰው ጋር ሂዱ።

ጥያቄ፦ «ሆቴል ውስጥ ነው የምሠራው። ሌሊት ስገባ ውሻ እጄን ያዘኝ። ቤተሰቦቼ ወይ ጸበል ወይ መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ሂድ አሉኝ። መርፌውን ከጀመርኩ ጸበሉ ይበላሻል ይላሉ። እውነት ነው?»

መልስ፦ አይደለም። ሁለቱን ለየብቻ እንያቸው።

ጸበሉን ሂድ፣ ተጠመቅ። መርፌ ጸበል አያበላሽም። እኔ የማውቃቸው አንድ አባት ውሻ የነከሰው ሰው ሲመጣባቸው መጀመሪያ ካርዱን ነው የሚጠይቁት፤ ካርድ ከሌለው «ተወግተህ ና፣ ጸበሉ ይጠብቅሃል» ብለው ይመልሱታል። ንስሐ አባትህ ካልተስማሙ ስልካቸውን ላክልኝ፣ እኔ አነጋግራቸዋለሁ።

መድኃኒት አዋቂው ግን ሌላ ነው። የሚሰጡህ የእንዶድ ሥር ወይም የመሰለው ነገር ከሆነ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፣ ከበዛ ይገድላል። ሰዎቹ «አዳንኩት» የሚሉት ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ውሻ የነከሰውን ነው። ያ የበቅሎ ነጋዴም ጠጥቶ ነበር የመጣው።

እጅ ነርቭ የበዛበት ቦታ ነው፣ ስለዚህ ነገ አትበል። አሁን ይህን እያነበብክ ቁስሉን ካላጠብከው፣ ቀናት ቢያልፉም ሳሙና ይዘህ ቧንቧ ስር ግባ። ከዚያ ካርድ አውጣና መርፌውንም ሴረሙንም ጠይቅ። ፈረቃህን የሚሸፍንልህ ካጣህ የሐኪም ወረቀት ያዝ፣ አለቃህ የ0፣ የ3፣ የ7 እና የ14 ቀን መሆኑን አይቶ ይፈቅድልሃል። እምቢ ካለ ይህን ገጽ ቀደህ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥለት።